የበላሁት ምስክር

በሕይወቴ ብዙ ነገር ላይ ተቀምጫለሁ። የታክሲ ወንበር ላይ ስንት ዓመት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በስህተት የሰው የሠርግ ኬክ ላይ። ዓሣ ላይ የተቀመጥኩት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በስህተት አይደለም። ለኬኩ ሙሽሪት ይቅር ብላኛለች። ዓሣዋ ግን እስከ ዛሬ ከሥሬ ትቆረቁረኛለች።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። ከባለቤቴ ጋር አሜሪካ፣ ዴንቨር ጥግ ባለችው ኦሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ እንኖር ነበር፤ እንጀራዬም ታክሲ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባዶ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ግቢ አለ፤ ሎት እንለዋለን። የቀናችን ግማሽ የሚያልቀው እዚያ ነበር። ከፔርሙስ ሻይ እንጠጣለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ እንዋሻለን። በካርታው ሁልጊዜ እሸነፋለሁ፤ በሦስተኛው ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም።

አንድ የማይዋሽ ሰው ነበረን። ኤርትራዊ ነው፤ አስመራ በአማርኛ የተማረ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ፣ ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር አንድ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን የሚኖር። የሎቱን የተራ ደብተር የሚይዘው እሱ ነበር። ማንም አልሾመውም። ግን ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን ሽንት ቤት ሄዶ ተራው አለፈው፣ ማን "ቅድም እዚሁ ነበርኩ" እያለ ያጭበረብራል የሚል ጭቅጭቅ ሲነሣ፣ ደብተሩን እንኳ ሳይገልጥ "አንተ ሦስተኛ፣ እሱ አራተኛ" ይላል። በቃ። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ሞሮኮው፣ ሁሉም እያጉረመረመ መኪናው ውስጥ ይገባል። የሰው ቃል እንዲህ ሲከበር ያየሁት እዚያ ሎት ውስጥ ነው።

በረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ያስተማረኝ ይኸው ሰው ነው። በብርዱ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ በእኔ ታክሲ ተራራውን ተሻግረን ሁለት ሰዓት እንነዳለን። ሐይቁ ከላይ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቀናል። መኪናዬን ዳር ላይ ፓርክ አደርጋለሁ፤ ዕቃችንን በፕላስቲክ መንሸራተቻ ጭነን በረዶው ላይ እየጎተትን ሩቅ እንገባለን፤ እሱ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ በረዶውን ይበሳል፣ እኔ ፍርፋሪውን በብረት ጭልፋ እያወጣሁ እቀልዳለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ይህ ነበር።

የምንፈልጋት ዓሣ ሌክ ትራውት ትባላለች። ብርድ ወዳድ ናት። ፀሐይ ከማይደርስበት፣ ከታች ከድንጋዩ አጠገብ ነው ኑሮዋ። የምትበላው ጥቂት፣ የምታድገውም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ወዳጄ ስለ እሷ ማውራት ሲጀምር ቅዳሴ ላይ ያለ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

"አንድ ክንድ የምትሆን ብትይዝ ስንት ዓመቷ ይመስልሃል?" አለኝ አንድ ቀን።

"አምስት?"

"አንተ ዴንቨር ሳትገባ እዚህ ውስጥ ነበረች።"

"ታዲያ ሲትዝን ሆናለች በለኛ!"

አልሳቀም። "ጭንቅላቷ ውስጥ፣ ከአንጎሏ ሥር፣ ሁለት ትናንሽ ድንጋዮች አሉ፤ የጆሮዋ ድንጋዮች ናቸው። እንደ ዛፍ ግንድ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራሉ። ዕድሜዋ እዚያ ላይ ነው ያለው።"

"አይተህ ታውቃለህ?"

"ለማየት መግደል አለብኝ። ስለዚህ አላየሁም።"

ሕጉ ይህ ነበር፤ ትንሿን ብላ፣ ትልቋን መልስ። የመንግሥት ደንብ አንድ ትልቅ ዓሣ መውሰድን ይፈቅድ ነበር፤ እሱ ግን ከመንግሥት ይብሳል። "ለዓመታት ስትወልድ የኖረች እናት ናት። እሷን በልተህ ማንን ታጠምዳለህ?" ይለኛል። አጠማመዱንም እንደዚያው በትዕግሥት ነው ያስተማረኝ። ጫፉ ላይ የዓሣ ሥጋ የተሰካበትን ከባድ ነጭ ማጥመጃ እስከ ታች ትለቀዋለህ። መሬት ሲነካ ክሩ ይላላል። ያን ጊዜ ትንሽ ከፍ፣ ዝቅ እያደረግህ መሬቱን ታንኳኳለህ፤ ጭቃው እንደ ጢስ ብን ሲል ምን መጣ ብላ ትቀርባለች። "እንደ ጨዋ እንግዳ አንኳኳ" ይለኛል። "አንተ እንደ ፖሊስ ነው የምታንኳኳው።"

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ኦሮራ ውስጥ የጽዋ ማኅበር አለን፤ በየወሩ በተራ በየቤታችን እንሰበሰባለን። የዚያን ዓመት የእኔ ተራ የገና ጾም ላይ ዋለ። በጾም ዓሣ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ማኅበራችን ውስጥ ከማኅበሩ ዕድሜ ይበልጣል፤ አብዛኛው ግን ይበላ ነበር። እኔም ከሁለት ወር በፊት ጀምሬ አፌን ከፈትኩ። "እኔ ቤት የሱቅ ዓሣ አትበሉም። በእጄ፣ ከበረዶ ሥር፣ የማውቃት ዓሣ ነው የማበላችሁ!" ማን አስገደደኝ? ማንም። ሽሮ ቢሆን ማን ይከፋ ነበር? ማንም።

ከማኅበሩ በፊት ያለው ቅዳሜ ደረሰ። ሐይቁ ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተቀመጥን። ትንሽ እንኳ የለም። እኔ ነገ ለሃያ ሰው ምን እንደማቀርብ እያሰብኩ እንደ ፖሊስ ሳንኳኳ፣ የወዳጄ ዘንግ ጎበጠ።

ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣት። "ከጥልቁ በችኮላ ከመጣች ሆዷ ውስጥ ያለው አየር ይነፋባታል፤ በአፏ እንድታወጣው ጊዜ ስጣት" ይላል። እውነትም ከዓሣዋ በፊት አረፋዋ መጣ። ቀዳዳው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀጥሎ ጭንቅላቷ ወጣ፤ ቀዳዳውን ሞላው። አመዳማ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ ረዥም። ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ትሆናለች። ወዳጄ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ተቀበላት። በሕይወቱ እንደዚያ ያለች አልያዘም።

መንጠቆውን ነቀለላትና "ካሜራው!" አለ። ካሜራው ታክሲው ውስጥ ነበር፤ የፍላሹ ባትሪ ብርድ አይወድም ብሎ እዚያ ነው የሚተወው።

"እኔ ላምጣው" አልኩ፤ ለወጉ ያህል።

"በዚያ ጉልበትህ? ትንሣኤ ትደርሳለህ። አንተ ውሃው ውስጥ አድርገህ ያዛት። በሁለት እጅህ፣ ከሆዷ። አንድ ፎቶ አንስተን ሪሊዝ እናደርጋታለን፤ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ደግሞ እባክህ አትቀልድባት።"

ለጉልበቴ አዝኖ ራሱ ሄደ። ይህን ልብ በሉልኝ።

መሄጃው ብቻ አሥር ደቂቃ ነው። እጄ በቀዳዳው ውስጥ እስከ አንጓው ደነዘዘ። ዓሣዋ እንደ ታመመች ሳይሆን እንደምታስብ ሰው ዝም ብላ መንጋጋዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እኔም አሰብኩ። ያሰብኩት ስለ እሷ ቢሆን ደግ ነበር፤ ያሰብኩት ስለ ሃያዎቹ ማኅበርተኞች አፍ ነው። "የታለች የምታውቃት ዓሣ?" ሲሉኝ ታየኝ። ቀና ብዬ ሳይ ወዳጄ ሩቅ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኗል። ጎትቼ አወጣኋትና በብረት ጭልፋው መታኋት። በላስቲክ ጠቅልዬ መንሸራተቻው ላይ አጋደምኳት፣ ጋቢዬን አለበስኳት፣ ከላይ ተቀመጥኩ።

እያለከለከ መጣ። "የት አለች?"

"ሄደች! ጅራቷን መታ አደረገችና ሾልካ ሄደች። እጄ ደንዝዞ እኮ ነው።"

ፊቱ ወደቀ። ግን ወዲያው ያለው ምን መሰላችሁ? "ደኅና ሄደች? ጎኗ አልተንጋደደም?"

"ቀጥ ብላ ወረደች።"

"ተመስገን" አለ።

ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ካሜራውን በከንቱ አመላልሶ እንዳይቀር ባዶውን ቀዳዳና አጠገቡ የተቀመጥኩትን እኔን አነሣ። "ፈገግ በል እንጂ" አለኝ። ፈገግ አልኩ።

እሱ ዘንጎቹን ሲጠቀልል ዓሣዋን ከነጋቢዋ ከመኪናው ኋላ፣ ትራንኩ ውስጥ ሸጎጥኳት፤ ወደ ዴንቨር ስንወርድ ደርቃ እንደ ግንድ ሆናለች። በየጥምዝማዙ ተንሸራትታ ጓ! ትላለች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ክሪኩ ነው፤ ማሰሪያው ላልቶ ነው።"

ጓ! እኛ ቀኑን ሙሉ አንኳኳንባት፣ እሷ መንገዱን ሙሉ አንኳኳችብኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አየቻትና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ይቺን ያህል ወዳጅህ ዝም ብሎ ሰጠህ?"

"ወዳጅ አይደል? ሰጠኝ።" ሁለተኛዋ ውሸት ከመጀመሪያዋ ይልቅ በቀላሉ ነው የምትወጣው፤ መንገዱ ተከፍቷላ።

እሁድ ጥብሱም ዱለቱም ቀረበ። ማኅበርተኛው ጣቱን ላሰ። አንዲት እናት ብቻ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ "እኔ በጾም ዓሣ አልበላም፣ ልጄ" ብለው ሽሯቸውን ጠየቁ። ከጥፋቴ ያልቀመሱት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ እንዴት እንደያዝኳት ቆሜ ተረክሁ፤ አረፋውን፣ መንበርከኩን፣ ሁሉንም። ከታሪኩ ውስጥ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የያዛት።

ሰው ሲሄድ ባለቤቴ ጭንቅላቷን ለሾርባ ቀቀለችው። እኔ ከተቀቀለ በኋላ ፈለጥኩትና በጥፍሬ ፈለግኩ። አገኘኋቸው። ሁለት፣ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ፣ ነጫጭ ድንጋዮች። ለምን እንደፈለግኳቸው ዛሬም አላውቅም። አጥቤ በካሜራ ፊልም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከተትኳቸው። ሾርባውን አልነካሁትም።

በሳምንቱ ወዳጄ ፊልሙን አሳጥቦ ሎት መጣ። ሻይ የከበቡት ሰዎች መሐል ገብቶ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘረጋ። እሱ ጉራ ስለማያውቅ ሁሉም ዞሮ አየው።

"ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ጫፍ ነበረች።"

"ፎቶዋስ?"

አሳያቸው። አንዱ ፎቶውን ተቀብሎ እኔን በጣቱ እየነካ "ዓሣው ይሄ ነው?" አለ። "እውነትም ትልቅ ነው! መላጣ ዓሣ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።"

ሳቁ። ወዳጄም አብሮ ሳቀ። "ሳቁ፣ ምስክር አለኝ" ብሎ ወደ እኔ ዞረ። "ንገራቸው እስቲ፣ ምን ታክል ነበረች?"

ከከበቡት መሐል አንዱ ማኅበርተኛዬ ነው፤ እሁድ ሦስቴ የጨመረው። እውነቱን ብናገር "ያኔ ያበላኸንን ታክላለች ማለት ነው?" ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ይገጣጠማል። ቀልድ ደግሞ አፌ ላይ ሁልጊዜ ዝግጁ ናት። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ትንሽ ከፈት አድርጌ አሳየኋቸው።

"ይቺን።"

ሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ያ ማኅበርተኛዬ ደግሞ እንባውን እየጠረገ "ኧረ ዓሣስ እሁድ እሱ ቤት የበላነው ነው! ራሱ አጥምዶ! ያን የሚያክል ዓሣ በሕይወቴ አላየሁም!" አለ።

ወዳጄ አየኝ። ከዚያ ፎቶውን አየ። ፎቶው ላይ ከሥሬ ያለውን ጋቢ፣ የጋቢውን ርዝመት አየ። አንድ ቃል ቢናገር ጉዴ ይፈላ ነበር።  እሱ ግን ፎቶውን ደብተሩ ውስጥ ከተተና ወደ መኪናው ሄደ።

የዚያ ቀን ቀልዴ ከእኔ ቀድሞ ሎቱን ዞረ። ከዚያ በኋላ ተራ ሲያጣራ "በአንተ ክንድ ነው በእኛ?" ይሉታል። "ሦስተኛ ነህ" ሲል አንዱ ሁለት ጣቱን ከፈት ያደርግለታል። ለሳቅ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ቃል አንዴ ከተሳቀበት አይከብድም። አንድ ጠዋት ደብተሩን የሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ሌላ ሰው ይያዘው" አለ። ከዚያ ወዲያ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ማንበብ ሆነ ሥራው። እኔን ሰላምታ ነፍጎኝ አያውቅም፤ በእግዜር ሰላምታ ነው የቀጣኝ። ቅዳሜ ግን አልጠራኝም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

"አባቴ፣ በገና ጾም ዓሣ በልቻለሁ።"

"ስንት ቀን?"

"አንድ ቀን። ትራፊውን ከቆጠሩት ሁለት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም፣ አባቴ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርስዎን እዋሻለሁ?"

አርባ ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ እያለቀሰ አርባውንም ሰገድኩ፤ ለማይቆረቁረኝ ኃጢአት። የሚቆረቁረኝ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ በተጎነበስኩ ቁጥር ድንጋዮቹ በፕላስቲኳ ውስጥ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። በአርባኛው ስግደት ላይ ቀና ማለት አቃተኝና እዚያው ተደፍቼ ራሴን ሰደብኩት፤ ሽማግሌ ሌባ፣ እግዚአብሔርንም በተራው ልታጭበረብረው ነው?

በማግስቱ ሎት ውስጥ ሁለት ሰዎች በተራ የተነሣ ተጣሉ። ደብተር ያዥ የለም። አንዱ የአንዱን ኮሌታ ያዘ፤ ሌላው "ቅድም ነበርኩ" ይላል፤ ሁሉም ይጮኻል። ወዳጄ መኪናው ውስጥ መጽሐፉን ይዞ ቀና አላለም። ማን እንደቀደመ ግን ያውቅ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው የሻይ ብርጭቆ ነው። ብርጭቆውን በማንኪያ መታሁ።

"ስሙኝ! ቀልድ አይደለም።"

ይህን ስል ሳቁ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩና ወደ ወዳጄ መኪና ጠቆምኩ።

"ያቺ ዓሣ ክንዱን ታክል ነበር። እኔ አይቻለሁ። ያዛት ብሎ አምኖ ሰጠኝ፤ ገድዬ ጋቢዬን አልብሼ ተቀመጥኩባት። ማኅበሬን ያበላሁት እሷን ነው።"

ማኅበርተኛዬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ሳወራ ሰው አለመሳቁ የመጀመሪያው ነው። ኮሌታ የያዘውም ለቀቀ። ወዳጄ ከመኪናው ወርዶ መጣ። የፊልም ዕቃዋን አውጥቼ ሰጠሁት። ከፍቶ መዳፉ ላይ ገለበጣቸውና ወደ ፀሐይ ያዛቸው። 

"በአንድ ምት ሞተች?" አለኝ።

"በሦስት።"

ራሱን ነቀነቀ። "ሁለት ምስክር ነበረኝ" አለ። "አንዷን በላሃት። ሌላው ደግሞ አንተ ነህ።"

"ቀለበቱን አትቆጥረውም?"

"ሳይሰበር አይቆጠርም" አለና፣ ሳይሰብር ክዳኑን መለሰ። ከዚያ ወደ ሁለቱ ጠበኞች ዞሮ "አንተ ቀድመሃል፣ አንተ ሁለተኛ ነህ" አላቸው። ሄዱ። አንድ ሰው ደብተሩን አምጥቶ እጁ ላይ አኖረለት። የእኔን ስም የዚያን ቀን ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ጻፈው፤ በአገባቤ ግን አራተኛ ነበርኩ። አልተከራከርኩም።

ዓመቱ ዞሮ በረዶው ሲጠና ስልኬ ጮኸ። "ቅዳሜ ታክሲህ ሥራ አለው?" አለኝ። የለውም አልኩ። ቢኖረውም የለውም እል ነበር።

በረዶው ላይ ብዙም አልተጫወትንም። እንደ ጨዋ እንግዳ አንኳኳሁ። ከቀትር በኋላ ዘንጉ ጎበጠ፤ ቀስ ብሎ ሲያወጣ አረፋው ሲመጣ አየሁ። ጭንቅላቷ ሳይወጣ "ካሜራውን አምጣ" አለኝ።

"ጉልበቴ…"

"አምጣ።"

ሄድኩ። ጉልበቴ አሥር ደቂቃውን ሃያ አደረገው። ካሜራውን ብብቴ ውስጥ አሙቄ ስመለስ ቀዳዳው ባዶ ነው። እሱ ተቀምጦ እጁን ያሻሻል።

"የት አለች?"

"ለቀቅኳት። ብዙ ከቆየች ትጎዳለች።"

"ምን ታክል ነበረች?"

ክንዱን ዘረጋ። ካለፈችው ትንሽ ትበልጥ ነበር። መንሸራተቻውን ሰረቅ አድርጌ አየሁ፤ ዓመሌ ነው፤ ከመሰርሰሪያው በቀር ምንም አልነበረበትም። ስሰርቅ አየኝ። እኔም አፈርኩ፤ የሌባ ዓይን ሰውን ሁሉ ሌባ ያደርጋል።

ሰኞ ሎት ውስጥ ሻዩ እንደተቀዳ ጠየቁን፤ ያዛችሁ ወይ? እሱ የተራ ደብተሩን ማስመሩን ቀጠለ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና ክንዴን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ።

"ይህን ታክላለች። እሱ ነው የያዛት።"

"አየሃት?" አለኝ ያ ማኅበርተኛዬ፣ ሁለቱን ጣቶቹን ለቀልድ አዘጋጅቶ።

"አላየኋትም" አልኩ። "እሱ ነው የነገረኝ።"